ማይክሮባዮሎጂን፣ ኢሚዩኖሎጂንና ተላላፊ በሽታዎችን ለፈተና ማጥናት

ከጤና ሳይንስ ኮርሶች መካከል ተማሪን በብዛት ከሚያስጨንቁት አንዱ ማይክሮባዮሎጂ ነው። የሚያስጨንቀው ከሌሎቹ የረቀቀ ስለሆነ ሳይሆን ስም ስለሚበዛበት ነው። በላቲን የተሰየሙ ጀርሞች፣ በፊደልና በቁጥር የሚጠሩ ነጭ የደም ሴሎች፣ ስማቸው እርስ በርስ የሚምታታ መድኃኒቶች በአንድ ሴሚስተር ይደራረባሉ፤ ተማሪውም ሀንድአውቱን ታቅፎ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክል ያድራል። ፈተናው ግን ስም አይጠይቅም። «የ19 ዓመት ወጣት ከአንድ ቀን ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት በኋላ አንገቱ ደርቆ መጣ፤ ከአከርካሪው በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩ ክብ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ተገኙ፤ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ በዚሁ በሽታ ታሟል፤ በዚህ ሰው ላይ የጎደለው የመከላከያ ክፍል የትኛው ነው?» ይላል። የሸመደደ ተማሪ ጀርሙ ኒሴሪያ ሜኒንጂታይዲስ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም።

መልሱ ኮምፕሊመንት ከሚባሉት ፕሮቲኖች የመጨረሻዎቹ፣ ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ናቸው። እነዚህ ተገጣጥመው የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ፤ ሰውነት ኒሴሪያን ለመግደል በዋናነት የሚመካው በዚህ ብሳት ስለሆነ፣ የጎደሉት ሰው በዚሁ ጀርም ደጋግሞ ይጠቃል። ይህን ምክንያት አንድ ጊዜ የተረዳ ተማሪ ጥያቄው በየትኛውም መልክ ተገልብጦ ቢመጣ አይስተውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ወይም የሙያ ፈቃድ ምዘና ለሚጠብቁ የጤና ተማሪዎች የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱን መረጃ ከምክንያቱ ጋር አስራችሁ አጥኑ፣ ምክንያቱን ያላገኛችሁለትን ደግሞ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት።

የመጀመሪያው ውሳኔ ቅደም ተከተል ነው። ለክለሳ ስትቀመጡ ኮርሱ በተሰጠበት ቅደም ተከተል የመሄድ ግዴታ የለባችሁም፤ እኔ በኢሚዩኖሎጂ መጀመርን እመርጣለሁ። ብዙዎች ይህን ክፍል ረቂቅ ነው ብለው ወደ መጨረሻ ይገፉታል፤ ከዚያም ጊዜ ያልቅና ሳይነበብ ይቀራል። ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ ያላወቀ ሰው፣ አንድ ጀርም ለምን ካፕሱል የሚባል የውጭ ልባስ እንደሚለብስ፣ ሌላው ለምን ሴል ውስጥ እንደሚደበቅ ሊገባው አይችልም፤ ዘራፊው በር የሰበረበትን መንገድ ለመረዳት በሩ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይቀድማል።

ኢሚዩኖሎጂን ስትከፍቱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፤ ጀርሙ የሚኖረው ከሴል ውጭ ነው ወይስ ሴል ውስጥ? ከሴል ውጭ ላለ ጀርም የሚያስፈልገው አንቲቦዲ፣ ኮምፕሊመንትና ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ነው። ሴል ውስጥ ለተደበቀ ግን አንቲቦዲ ሊደርስበት ስለማይችል ቲ ሴል ያስፈልጋል፤ ሲዲ 8 ያላቸው ቲ ሴሎች በቫይረስ የተያዘውን ሴል ራሱን ይገድላሉ፣ ሲዲ 4 ያላቸው ደግሞ ማክሮፌጅ የተባለውን ጀርም ዋጭ ሴል ቀስቅሰው የዋጠውን እንዲፈጭ ያደርጉታል። ኤምኤችሲ ከሚባሉትና የጀርምን ቁራጭ ለቲ ሴል ከሚያሳዩት የሴል ላይ ፕሮቲኖች መካከል፣ ሲዲ 4 ከኤምኤችሲ 2፣ ሲዲ 8 ከኤምኤችሲ 1 ጋር እንደሚጣመር ለማስታወስ ደግሞ የማባዛት ስሌት ይበቃል፤ አራት ሲባዛ በሁለትም፣ ስምንት ሲባዛ በአንድም ስምንት ነው። ከዚህ ጥያቄ ተነሥታችሁ የመከላከያ ጉድለት በሽታዎችን ራሳችሁ መተንበይ ትችላላችሁ። ቢ ሴል የሌለው ሕፃን ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የተሻገረለት አይጂጂ የተባለ አንቲቦዲ እስኪያልቅ፣ ማለትም እስከ ስድስት ወር ገደማ፣ ደኅና ሆኖ ይቆይና ከዚያ ካፕሱል ባላቸው ባክቴሪያዎች ደጋግሞ ይታመማል። ጣፊያው የወጣለት ሰውም ለእነዚሁ ባክቴሪያዎች ይጋለጣል፤ በአንቲቦዲ የተለበጡትን ከደም የሚያጣራው ጣፊያ ነውና። ኤችአይቪ ሲዲ 4 ሴሎችን ሲያመነምን የሚመጡት ደግሞ በአብዛኛው በቲ ሴል የሚታገዱት ናቸው፤ የሲዲ 4 ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 በታች ሲወርድ ኒውሞሲስቲስ፣ ከ100 በታች ቶክሶፕላዝማና ክሪፕቶኮከስ፣ ከ50 በታች ሳይቶሜጋሎቫይረስ። ቲቢ ግን ከእነዚህ ቁጥሮች የትኛውንም ሳይጠብቅ ሊመጣ ይችላል፤ ጠያቂዎች ይህን ልዩነት ይወዱታል።

አንድ ሙሉ ከሰዓት ልትሰጡት የሚገባ በሽታ ሥጋ ደዌ ነው። በዛሬው ጊዜ ከሌሎች ያነሰ ታማሚ ያለው በሽታ ለምን ይህን ያህል ጊዜ ይገባዋል የሚል ይኖራል፤ የኢሚዩኖሎጂን ግማሽ በአንድ ገላ ላይ ተጽፎ የምታዩበት በመሆኑ ነው። ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአለርት ግቢ የሚገኘው የምርምር ኢንስቲትዩት የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ጀርሙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ማክሮፌጅን የሚቀሰቅሰው የቲ ሴል ምላሽ (ቲኤች 1) በበረታበት ሰው ላይ ጥቂት ደንዛዛ ነጭ ለምጽ ብቻ ይወጣል፣ ከቁስሉ በተወሰደ ናሙና ውስጥም ባክቴሪያው አይገኝም ወይም በጣም ጥቂት ነው፤ ምላሹ አንቲቦዲን ወደሚያበረታታው ወደ ቲኤች 2 ባዘነበለበት ሰው ላይ ግን አንቲቦዲ ቢትረፈረፍም ሴል ውስጥ ያለውን ጀርም ስለማይነካው በሽታው መላውን ቆዳ ይወርሳል። ይህን ያጠና ተማሪ፣ በደጋው አገራችን የሚታየው ቁንጭር ለምን በአንዱ ፊት ላይ ብቻውን ድኖ በሌላው ገላ ላይ እንደሚዛመት ሲጠየቅ አዲስ ነገር አይሆንበትም። የቲዩበርኩሊን የቆዳ ምርመራ ለምን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ እንደሚነበብም በዚሁ ይገባዋል፤ ቲ ሴሎችና ማክሮፌጆች ቦታው ላይ እስኪሰበሰቡ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ከአራቱ የአለርጂ ዓይነቶች አራተኛው ይህ ነው፤ ሌሎቹን ሦስቱን አንቲቦዲ የሚመራቸው ናቸው ብላችሁ ለዩዋቸው።

ክትባትንም ከዚሁ ጋር አያይዙት። የባክቴሪያ ካፕሱል ስኳር ነው፤ ቲ ሴል ግን የሚያውቀው በዋናነት የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ስለዚህ ስኳሩን ብቻውን ለሕፃን ብትሰጡት ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ የረባ ምላሽ አይሰጥም፤ ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ሲያጣብቁት ግን ቲ ሴል ይሳተፋል፣ ትዝታ ያላቸው ሴሎችም ይፈጠራሉ። ሕፃናት በአገራችን በሚወስዷቸው በፔንታቫለንት ውስጥ ያለው የሄሞፊለስ ክፍልና የኒውሞኮከስ ክትባት በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተሰጠው የኤ ዓይነት ክትባትም እንዲሁ።

ወደ ባክቴሪያ ስትሻገሩ ግድግዳውን አስቀድሙ። ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው ቀለም የመቀባት ዘዴ አራት እርምጃ አለው፤ ክሪስታል ቫዮሌት፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ በመጨረሻም ሳፍራኒን። ይህን በላቦራቶሪ በገዛ እጅ መሥራት በወረቀት ከማንበብ እጅግ ይበልጣል፤ ሥራውን ሆን ብላችሁ አበላሹትም። አልኮሉን አብዝታችሁ ብታቆዩት ወይን ጠጅ መሆን የነበረበት ስታፊሎኮከስ ቀይ ሆኖ ይታያችኋል፤ ወፍራሙ የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ ቀለሙን የሚይዘው እስከ ገደቡ ድረስ መሆኑንም ከዚያ በኋላ አትረሱትም። ግራም ኔጌቲቩ ቀጭን ግድግዳ ቢኖረውም በላዩ ተጨማሪ ሽፋን ደርቧል፤ በዚያ ሽፋን ላይ ያለው ሊፖፖሊሳካራይድ ነው ወደ ደም ሲገባ ትኩሳትና የደም ግፊት መውደቅ የሚያመጣው። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑትን ለይታችሁ ጻፉ፤ ማይኮፕላዝማ ግድግዳ ስለሌለው ቀለሙን አይዝም፣ በፔኒሲሊንም አይሞትም፤ ማይኮባክቴሪየም በማይኮሊክ አሲድ የተለበጠ ስለሆነ ዚል ኒልሰን የተባለው ሌላ ቀለም የመቀባት ዘዴ ያስፈልገዋል፤ የቂጥኝ አምጪው ትሬፖኔማ እጅግ ቀጭን ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም።

የመለያ ምርመራዎችን በሠንጠረዥ አታጥኑ። ሠንጠረዥ ሁሉንም እኩል ያስመስላል፤ ምርመራ ግን መንገድ ነው፣ አንዱ መልስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያደርሳል። ባዶ ወረቀት ላይ ከላይ «ግራም ፖዘቲቭ ክብ» ብላችሁ ጻፉና ውረዱ። ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ካለው ስታፊሎኮከስ፣ ከሌለው ስትሬፕቶኮከስ። ስታፊሎኮከስ ከሆነ ኮአጉሌዝ ያለው ኦሪየስ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ በማብቀያው ውስጥ ያለውን ደም እንዴት እንደሚያፈርስ ተመልከቱ፤ በከፊል አፍርሶ አረንጓዴ ካደረገውና በኦፕቶቺን ከሞተ ኒውሞኮከስ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ካጠራውና በባሲትራሲን ከሞተ ደግሞ የጉሮሮ ሕመምንና እሱን ተከትሎ የሚመጣውን የልብ ቫልቭ ጉዳት የሚያስከትለው ኤ ቡድን ነው። ለግራም ኔጌቲቭ ዘንጎች ሌላ ወረቀት አውጡ፤ ማኮንኪ በተባለው ማብቀያ ላይ ላክቶስን አፍልተው ሮዝ የሚሆኑት ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ፣ የማያፈሉት ሳልሞኔላ፣ ሺጌላና ፕሮቲየስ፣ ኦክሲዴዝ ያለው ሲዩዶሞናስ። ሁለቱን ወረቀት ሳታዩ ደግማችሁ መሳል እስክትችሉ ድረስ ወደ ሌላ ባክቴሪያ አትሂዱ።

የባክቴሪያ መርዞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማጥናት እጅግ ይጠቅማል። የመንጋጋ ቆልፍና የቦቱሊዝም መርዞች ሁለቱም ነርቭ መልእክቱን እንዳይለቅ የሚያደርጉ መቀሶች ናቸው፤ ልዩነቱ የሚቆርጡበት ቦታ ብቻ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ጡንቻን የሚያስታግሱትን ጋባንና ግላይሲንን ስለሚከለክል ሰውነት ይገተራል፤ ቦቱሊዝም ጡንቻን የሚያዝዘውን አሴቲልኮሊንን ስለሚከለክል ሰውነት ይዝላል። የኮሌራና የትክትክ መርዞችም ሁለቱም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሴል ውስጥ መልእክተኛ ከፍ ያደርጋሉ፤ የኮሌራው የሚያነሣሣውን ፕሮቲን ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል፣ የትክትኩ የሚያግደውን ፕሮቲን ያሰናክላል። ኮሌራ ላይ ትንሽ ቆዩ። መርዙ ክሎራይድን ወደ አንጀት ያስፈስሳል፣ ውኃም ይከተለዋል፤ ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ግን አልተነካም። ኦአርኤስ ውስጥ ስኳር የገባው ለጣዕም ሳይሆን በዚያ በር ጨውንና ውኃን ለማስገባት ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ማይክሮባዮሎጂን፣ ፊዚዮሎጂንና ሕክምናን በአንድ ላይ ስለሚፈትን አዘጋጆች ደጋግመው ያመጡታል።

ከመድኃኒቶች በኩል፣ መድኃኒቱ የሚሠራበትን ቦታ ካወቃችሁ የማይሠራበትን ጀርም ታውቃላችሁ። ቫንኮማይሲን ግዙፍ ስለሆነ የግራም ኔጌቲቭን የውጭ ሽፋን አያልፍም፤ አሚኖግላይኮሳይዶች ወደ ባክቴሪያው ለመግባት ኦክስጅን ስለሚፈልጉ ያለ ኦክስጅን በሚኖሩት ላይ አይሠሩም። ከቲቢ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳታቸውን ለዩ፤ አይሶናያዚድ እጅና እግርን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ቫይታሚን ቢ6 ይታከልበታል፤ ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፣ ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል፣ ኢታምቡቶል ዓይንን ይጎዳል። ከዚህ ያለፈውን ዝርዝር ለፋርማኮሎጂ ተዉት።

ጥገኛ ተሕዋስያንን ስታጠኑ ጥያቄው ይቀየራል፤ ተሕዋሲው በማን ውስጥ አልፎ ወደ ሰው ይመጣል? የሕይወት ዑደትን ሥዕል መሸምደድ አሰልቺ ነው፤ ዑደቱ የቱ ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል እየጠየቃችሁ ብታጠኑት ግን ትርጉም ያገኛል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ጅረት ሥር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ያገኙት ግኝት የሚገባው፣ የብልሃርዝያ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ የሰውን ቆዳ ሊበሳ እንደማይችል ለሚያውቅ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ በጎኑ እሾህ ያለው ማንሶኒ በሰገራ፣ በጫፉ እሾህ ያለው ሄማቶቢየም በሽንት እንደሚወጣ መያዝ ቀላል ነው። ወባ ላይ ደግሞ ሁለቱን ዝርያዎች ፊት ለፊት አቁሟቸው። ፋልሲፓረም የተያዘው ቀይ ሴል ከትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር እንዲጣበቅ ስለሚያደርግ አንጎልን ይጎዳል፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ያገረሻል፣ ለዚህም ፕሪማኩዊን ይሰጣል፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የጎደለው ሰው ግን በዚህ መድኃኒት ቀይ የደም ሴሉ ይፈርሳል። በምዕራብ አፍሪካ ብርቅ የሆነው ቫይቫክስ በአገራችን የበዛበት አንዱ ምክንያት፣ ወደ ቀይ ሴል የሚገባበት ዳፊ የተባለው ተቀባይ በብዙ ኢትዮጵያውያን ላይ መኖሩ ነው።

ሦስተኛው ክፍል፣ ተላላፊ በሽታዎች፣ ከላይ የተባለውን ሁሉ ገልብጦ ማንበብ ነው። እስካሁን ከጀርም ወደ በሽታ ሄዳችሁ ነበር፤ አሁን ከታማሚ ወደ ጀርም ሂዱ። አንድ ምልክት ምረጡ፣ ለምሳሌ ከሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፤ መንገዱን የሚለዩትን ጥያቄዎች ጻፉ። ከቆላ ተመልሷል? ጣፊያው አብጧል? ቅማል አለበት? ትኩሳቱ ለቆ ተመልሷል? በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ለዚህ ልምምድ የተመቸ ነው። ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የላዩን ፕሮቲን ስለሚቀያይር፣ ሰውነት ለመጀመሪያው መልክ አንቲቦዲ ሠርቶ ትኩሳቱ ሲበርድ፣ መልኩን የለወጠው ተራብቶ እንደገና ያስነሣዋል። ጀርሙ በደም ስላይድ ላይ የሚታየው በትኩሳቱ ጊዜ ነው። ፔኒሲሊን በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታማሚው ቢንቀጠቀጥና ትኩሳቱ ቢያሻቅብ፣ የመድኃኒት አለርጂ ሳይሆን ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ የሚመጣ ምላሽ መሆኑ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ከፈተናም ያለፈ ነገር ልጨምር። «ታይፎይድ ተገኘብኝ» የሚለውን ቃል ሁላችንም በየቤታችን እንሰማለን፤ ብዙ ጊዜ የተገኘው ግን የዊዳል ምርመራ ውጤት ነው። ዊዳል የሚያሳየው አንቲቦዲን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ በሽታው በተለመደበት አገር ደግሞ አንቲቦዲው ካለፈ ሕመም ወይም ከዘመድ ጀርም ሊመጣ ይችላል። ለፈተና መልሱ በመጀመሪያው ሳምንት የደም ካልቸር ነው። ለሥራም እንዲሁ።

አሁን ስለ ማጥናቱ ራሱ። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በራሱ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ እንዳሳየው፣ የተያዘ ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ አንድን ምዕራፍ አንድ ጊዜ ለስድስት ሰዓት ከማንበብ፣ ለሁለት ሰዓት አንብቦ በማግስቱ፣ በአራተኛው ቀንና በሁለተኛው ሳምንት ለግማሽ ግማሽ ሰዓት መመለስ ይሻላል። ስትመለሱ ግን ሀንድአውቱን አትክፈቱ፤ ባዶ ወረቀት አውጡና የምታስታውሱትን ጻፉ፣ ከዚያ ብቻ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሃይላይተር የተቀባ ገጽ የሚታወቅ ይመስላል፣ ሲዘጋ ግን ባዶ ነው፤ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ሙሉ ሞጁል ቢጫ ቀብቼ የቀረሁበት ፈተና አለ።

ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይሸመድድና የገባው ይመስለዋል። ስለዚህ የአንድን በሽታ አካሄድ ለጓደኛችሁ በአማርኛ፣ ወይም በቤታችሁ በምትነጋገሩበት ቋንቋ አስረዱት። የኮሌራን መርዝ ለእናታችሁ በሚገባ ቃል መናገር ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። አስረድታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ያንኑ በእንግሊዝኛ ድገሙት፤ የፈተናው ቃል እንዳያደናግራችሁ ይህ አይቀርም።

የቆዩ ጥያቄዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ፤ «አንብቤ ስጨርስ እሠራለሁ» ያለ ሰው አይደርስበትም። ጥያቄዎቹን በምዕራፍ አትደርድሯቸው፣ ቀላቅሏቸው፤ በምዕራፉ ርእስ ሥር የተቀመጠ ጥያቄ ግማሽ መልሱን አስቀድሞ ይነግራችኋልና። ጉዳዩን ስታነቡ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሙ፤ ጀርሙን ነው የጠየቀው፣ መድኃኒቱን ወይስ የጎደለውን መከላከያ? ከዚያ ምርጫዎቹን ሳታዩ መልሱን በልባችሁ ያዙ። የተሳሳታችሁትን በአንድ ደብተር መዝግቡ፤ ትክክለኛውን ፊደል ሳይሆን ለምን እንደሳታችሁ፣ አላወቅሁትም፣ አምታታሁት ወይስ ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩትም እያላችሁ ጻፉ። ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት የሚከፈተው ይህ ደብተር ብቻ ነው፤ አዲስ ምዕራፍ በዚያ ሰዓት አይጀመርም።